ከስምንት በታች

ጥቅምት 4

ከደባርቅ ሳልወጣ ዋልኩ። ክሊኒኩ በር ላይ አንድ በቅሎ፣ ሁለት ፍየሎች፣ እግሯ ያበጠ አንዲት ላም። የበቅሎዋን ጀርባ ኮርቻ ልጦታል። ባለቤቱን «እስኪድን አትጫናት» አልኩት። ራሱን ነቀነቀልኝ። ነገ እንደሚጭናት ሁለታችንም እናውቃለን።

ላሟን ለማየት ሳጎነብስ ወገቤ ያዘኝ። ቀና ማለት አልቻልኩም... ገዱ ከኋላ መጥቶ ብብቴን ይዞ አቃናኝ። አብሮኝ የሚሠራ ወጣት ነው፣ ምላሱ አያርፍም። «ጋሼ፣ አሁንስ ላሟ እርስዎን ብትመረምርዎት ይሻላል።» አሳቀኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እንስሳ ሳክም ጎንብሼ ኖሬ፣ አሁን ጎንበስ ማለት ብርቅ ሆነብኝ።

ወደ ቤት ስመጣ ግራ እግሬ ድንጋይ መታ። እንደገና። አውራ ጣቴን ቀና በል ስለው ይዘገያል። ለባለቤቴ ለሰብሌ አልነገርኳትም። ግን ጫማዬን የምትጠርገው እሷ ናት... የግራው ጫፍ መፋቁን ሳታይ ትቀራለች?

ጥቅምት 9

ከነገ ወዲያ ጎንደር። የወገቤን ኤምአርአይ አይታ የቀዶ ጥገና ቀን ትቆርጥልኛለች የተባለችው ሐኪም ዘንድ። ስኳሬንም ያያሉ አሉ። ስኳር ከያዘኝ ዓመታት አለፉ። ኪኒኔን እውጣለሁ፣ ሌላውን እግዜር ያውቃል።

ከዛሬ ጀምሬ እህል ቀነስኩ።

ሰብሌ፦ «ደግሞ ምን ጾም ገባ?»

«የሐኪም ጾም።»

ቆጣሪው ጥሩ ቁጥር እንዲያወጣ ነው መራቤ። እሷም ገብቷታል።

ጥቅምት 11

ጎንደር ደርሼ ተመለስኩ። ደክሞኛል።

ጠዋት ጣቴን ወጉኝ፣ 121። ኮራሁ። ለነርሷ ሁሉ ፈገግ አልኩላት።

ሐኪሟ ዶክተር ሃና ትባላለች። የመጀመሪያ ልጄን ዕድሜ ብትበልጥ በጥቂት ነው። የወገቤን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ አሳየችኝ። አንዱ አጥንት ከቦታው ተንሸራቷል፣ ነርቩ ተጨንቋል። «ከፍተን ነርቩን እናላቅቃለን፣ አጥንቱን በብረት እናስራለን።» መቼ አልኳት። ወረቀት ገለጠች።

ለካ ሌላም ምርመራ ታዞልኝ ኖሯል። የሦስት ወር ስኳር የሚሉት። አሥር ነጥብ ስድስት።

«የጠዋቱ ቁጥር ዛሬን ብቻ ነው የሚናገረው፣ ጋሼ ሐብታሙ። ይሄኛው ሦስት ወር ሙሉ የሆነውን ይናገራል።»

እንደ ኮራጅ ተማሪ ተያዝኩ። ፊቴ ጋለ። ተናደድኩም። በስንት ወገብ ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ!

ሥራዎ ምንድን ነው አለችኝ። የእንስሳት ሐኪም አልኳት።

«ታዲያ ትኩሳት ያለው፣ የከሳ በሬ ያኮላሻሉ?»

አላኮላሽም። አልኳት።

«ስኳሩ እንዲህ ሆኖ ብከፍትዎ ቁስሉ እሺ ብሎ አይገጥምም። መግል ይይዛል። ያስገባሁትን ብረት መልሼ ላወጣው እችላለሁ። ከስምንት በታች ያውርዱልኝ፣ በማግሥቱ ቀን እሰጥዎታለሁ።»

እግሬስ አልኳት። ድክመቱ ገና ቀላል ነው አለች። በየቀኑ ተረከዜን ተክዬ ጣቶቼን እያነሳሁ እንዳይ። ከባሰ፣ ወይ ሽንት ካስቸገረኝ፣ ቀጠሮ ሳልል እንድሮጥ። ያኔ ስኳሩን ሳይጠብቁ ይገባሉ። «ግን አደጋውን ይዘን ነው» አለች።

እንግዲህ ገባኝ። እግሬ አይጠብቅም። ስኳሩ አይቸኩልም። እኔ መሐል ነኝ። ከቆየሁ እግሬ እንደተንጠለጠለ ሊቀር ነው።

ጥቅምት 13

እትዬ ዘቢደር ከዳባት በሚኒባስ ሹፌር እጅ ማር ልካለች። ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት ገና ጥርሴ አልተነቀለም ነበር፣ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከራሷ ቀፎ ነው የምትቆርጠው። ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድና ዝንጅብል ወቅጣ ታሸዋለች። ለወገብ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ በሾርባ ማንኪያ ሁለት ሁለት። ወገቤ ከታመመ ጀምሮ አቋርጣብኝ አታውቅም።

ስልክ ደወለች። «ደረሰህ? እንዳትዘነጋ። በሞቴ።»

የጎንደሩን ነገር በግማሽ ነገርኳት። ቀኑ ተራዘመ አልኳት። «ይሁን፣ መቼም ቢላዋ አያስቸኩልም» አለች።

ጥቅምት 15

መርፌ ጀመርኩ። ኢንሱሊን።

እስከ ዛሬ ስሸሸው የኖርኩት ነገር ነው። በእኛ ሰፈር መርፌ ጀመረ ከተባለ ሰው ከንፈር ይመጥልሃል። ሲስተር ስጦታ፣ እዚህ ደባርቅ የስኳር ክትትል ያለችው፣ «ማን ነው የመጨረሻ ነው ያለዎት?» አለችኝ። ሁሉም ሰው አልኳት።

ራሴ ልውጋ አልኩና መርፌውን ቀጥ አድርጌ ጨበጥኩ። እንደ ልማዴ። ጮኸችብኝ። «ጋሼ! የበሬ ቆዳ መሰለዎት እንዴ?» ሆዴን ቆንጠጥ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ... ምንም አይልም። ስንት ላም ምንም ለማይል ነገር ገመድ በጥሳብኛለች።

ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። እንጀራ፣ ሽሮ፣ አንዳንዴ ቆሎ። ሻይ ያለ ስኳር። አንዲትም አልደበቅኳት።

የጣት መለኪያም ሰጠችኝ። ጠዋትና ረፋድ ላይ እንድለካ።

ጥቅምት 25

ጠዋት ጥሩ ነው። 130፣ 126... ረፋድ ላይ ሲለካ 280። በየቀኑ! ቁርሴ እኮ አንዲት ጥፍጥፍ የገብስ ቂጣ ናት።

ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ ሰብሌን ወጋኋት። 94። ደህና ነው ማሽኑ። «ሰው የሚያጠፋውን በዕቃ ያሳብባል» ብላ ጣቷን ጠባች።

ኅዳር 3

ቂጣዋንም ተውኩ። በእሷ ፈንታ እንቁላል። ረፋድ ላይ 265። ምን ይሻለኛል?

ሲስተር ስጦታ የጠዋቱን መርፌ ጨመረችልኝ።

ኅዳር 9

ገዱ ለክትባት ጃናሞራ ወረደ። እስከ መካነ ብርሃን ይዘልቃል። እኔ ቢሮ። ወረቀት እፈርማለሁ። በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ። ገደሉን፣ ውኃውን የት እንደሚሻገሩት፣ የትኛው ቤት ውሻው ተናካሽ እንደሆነ... ገዱ አያውቅም። ሲሄድ በመስኮት አየሁት። በቅሎዋን እንኳ በትክክል አልጫነም።

ሥራ ቀረብኝ ብዬ አላለቅስም። ግን እግሬ ካልዳነ ለምን ይሆን የምፈለገው?

የግራ እግሬ ጣት ዛሬም ቀና ይላል። በስንፍና።

ኅዳር 17

መንገዱ ተዘጋ። ከዳባት መኪና ካልመጣ ቀናት አለፉ። የእትዬ የማር ብርጭቆ ባዶ ሆኗል። ትናንት ጫፉን ጠርጌ ልሼዋለሁ። የወገቤን መድኃኒት ማቋረጤ ከፋኝ። ደግሞ ብርዱ። ሌሊት አጥንቴ ውስጥ ነው የሚገባው።

ኅዳር 20

ረፋድ ላይ 160። ትናንት 148።

ወረደ! ለምን? ቂጣውን መተዌ ነው። መርፌው መጨመሩም ነው። ለሰብሌ «አየሽ፣ ቆራጥ ሰው» አልኳት። «አየሁ» አለች።

ኅዳር 21

ምን ጉድ ዋልኩ ዛሬ...

ጽዮን ናት፣ ከንጋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን። መርፌዬን በሰዓቱ ወጋሁ። ሐኪም የሚለውን የምሰማ ሰው ነኝ። እህል ግን ከቅዳሴ በኋላ ብዬ ተውኩት። ጾም ነው፣ በዓል ነው፣ በልቶ መቆም ደግሞ ነውር ነው።

ወንጌል ሲነበብ ላብ አጠመቀኝ። በዚያ ብርድ! ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ ምላሴ ተሳሰረ። አጠገቤ የነበረ ሰው «ምነው ጋሼ?» ሲለኝ ሰደብኩት አሉ። እኔ አላስታውስም። ከዚያ ወደቅኩ። አንዲት ሴት «ልትገልጠው ነው፣ ማርያም ልትገልጠው ነው» ብላ እልል አለች። ጠበል አመጡ። ፊቴ ላይ፣ አንገቴ ውስጥ... «ስምህን ተናገር! ማን ነህ?» ይሉኛል። ሐብታሙ ነኝ ልላቸው እፈልጋለሁ፣ አፌ አይታዘዝም። ዝም ስል እርኩሱ ጸና ተባለ።

ሰብሌ ከሴቶቹ በኩል ሕዝቡን ገፍታ መጣች። የነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችውን ፈትታ አፌ ውስጥ ጨመረችው። ስኳር። ሲስተር ስጦታ መርፌ ሲጀመር ስኳር አይለያችሁ ያለችንን እኔ ረስቼው፣ እሷ ቋጥራው ትዞራለች። ትንሽ ቆይቶ ዓለም ተመለሰች። የመጀመሪያ ንግግሬ «በረደኝ» ነው።

አባ ወልደ ሩፋኤል፣ የነፍስ አባቴ፣ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። እየሳቁ ነው ደግሞ። «መርፌህን ወግተህ እህል መተው የለም፣ ይኸው ፈታሁህ። መጾም ካማረህ ከሐሜት ጹም። እሱ ይበቃሃል።»

ሐሜተኛ እንደሆንኩ ማን ነገራቸው?

ኅዳር 22

ሲስተር ስጦታ ዘንድ ሄድን። ሰብሌ አብራኝ ገባች፣ እንደ ልጅ ይዛኝ።

«በዚህ ሳምንት የተለወጠ ነገር አለ?»

«ምንም» አልኩ።

«ከወትሮው የቀነሱት ምግብ?»

«ምንም።»

ሰብሌ፦ «ማሩ አልቆበታል እንጂ።»

ሲስተር ስጦታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የምን ማር?»

ነገርናት። ሽንኩርቱንም፣ አዝሙዱንም፣ ሁለቱን ማንኪያም። ሰማችኝ ሰማችኝና ግንባሯን ያዘች። «ጋሼ፣ ምን ይበላሉ ብዬ ጠይቄዎት አልነበር?»

«እሱ እኮ መድኃኒት ነው። ምግብ አይደለም።»

ከልቤ ነው ያልኩት። አሁን ስጽፈው ለራሴም ያስቃል። አንድም ቀን ከበላሁት ቆጥሬው አላውቅም። በጾም ቀን እንኳ ወስጄዋለሁ። መርፌው ከማሩ ጋር ሲታገል ከረመ። ማሩ ሲያልቅ ብቻውን ቀረና እኔን ጣለኝ።

መርፌውን ቀነሰችልኝ። ማሩን አትንካ አለችኝ። ወገቤን ላድን ብላ የቀዶ ጥገናውን በር ስትቆልፍብኝ ከርማለች እትዬ። ምን ብዬ ነው የምነግራት?

ኅዳር 27

መንገዱ ተከፈተ። ማር መጣ። ሁለት ብርጭቆ፣ ለዘገየው ጭምር።

«ደረሰህ?»

«ደረሰኝ፣ እትዬ።»

«እየወሰድህ፣ እሺ?»

«...እሺ።»

ቁም ሣጥን ውስጥ ከልብሴ ጀርባ አስቀመጥኩት። ሰብሌ አየችኝ። «ንገራት» አለች። እነግራታለሁ አልኳት። መቼ?

ታኅሣሥ 8

ረፋድ 139። ጠዋት 112። እንዲህ ነው እንጂ። የእትዬ ማር ደግሞ መጣ፣ እሱም ከልብሴ ጀርባ ገባ።

ታኅሣሥ 15

ዛሬ ፈራሁ።

ጠዋት ጣቴ አልነሳ አለ። ተረከዜን ተክዬ፣ ግድግዳ ይዤ... አይነሳም። ቀኙ ይነሳል፣ ግራው ተኝቷል። ሰብሌ ክፍሏን ለሌላ አስተማሪ ሰጥታ መጣች፣ ጎንደር ሄድን። ዳባትን ስናልፍ የእትዬን ቤት ጣሪያ አየሁት። ብወርድ አልኩ። አልወረድኩም።

ዶክተር ሃና እግሬን ወዲያ አለች፣ ወዲህ አለች፣ እጇን እንድገፋ አደረገችኝ። «ብርድ አደንዝዞት ነው እንጂ ጉልበቱ ያው ነው። እየባሰ አይደለም» አለች። ስኳሬን የምጽፍበትን ደብተር አሳየኋት። ሁሉንም አየች። «እንዲህ ከቀጠሉ ጥር ላይ ይግቡ።»

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አለቀስኩ። ተሳፋሪው አቧራ መሰለው።

ታኅሣሥ 30

ትናንት ገና ነበር። እትዬ ሳትነግረን መጣች። ዶሮ ይዛ፣ እንቁላል ይዛ፣ ማር ይዛ።

እትዬን ሲበርዳት ሰብሌ «ጋቢ ለብሰሽ ቆዪ» ብላት ወጥ ቤት ገባች። እትዬ ራሷ ጋቢውን ልታወጣ ቁም ሣጥኑን ከፈተች።

አምስት ብርጭቆ። ከነክዳናቸው።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። አንድ ባንድ አውጥታ አልጋው ላይ ደረደረችና ተቀመጠች።

«አልወሰድኸውም።»

«እትዬ...»

«እየወሰድህ ስልህ እሺ ትለኝ ነበር።»

ነገርኳት። ስኳሩን፣ የሦስት ወሩን ምርመራ፣ ጽዮን ዕለት መውደቄን። ሐኪሟ ከስምንት በታች ማለቷን። እየሰማች ብርጭቆውን በነጠላዋ ትጠርጋለች።

«መርዝ ነዋ የላክሁልህ። አንድ ዓመት ሙሉ መርዝ ስልክልህ ኖሬአለሁ።»

አይደለም፣ አላወቅንም፣ እኔም አላወቅኩም አልኳት።

«አንተስ ካወቅህ በኋላ? ዝም ብለህ ማር ስታስቆርጠኝ? ከቀፎው በብርድ ቆርጨ...» አልጨረሰችውም።

ዶሮውን ሠራች። በላን። ብላ አላለችኝም፣ ተቆጥታ ነው። ዛሬ ሳይነጋ ሄደች። ማሮቹን ይዛ ሄደች።

ጥር 13

ጥምቀትን በር ላይ ቆሜ አየሁት። ታቦት ሲያልፍ ሰው ሁሉ ይጨፍራል፣ እኔ በዱላ።

እትዬ አልደወለችም። እኔ ስደውል «ደህና ነኝ፣ ከብት እያገባሁ ነው» ትላለች። ቀን በስድስት ሰዓት ከብት ይገባል?

ጥር 19

ሰባት ነጥብ ስምንት።

ዶክተር ሃና ወረቀቱን አዙራ አሳየችኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለነርሷ ፈገግ ማለት ዛሬ ነበር።

ጥር 28 ተቆረጠልኝ። ለእትዬ ሰብሌ ደወለችላት። «እሺ» ብቻ አለች አሉ።

ጥር 27

ጎንደር፣ ሐኪም ቤት ተኝቻለሁ። ነገ ጠዋት።

ከሰዓት በኋላ በር ላይ አንዲት ሴት ከዘበኛው ጋር ትሟገታለች። ድምፁን አወቅኩት። እትዬ! ባዶ እጇን። በሕይወቷ ባዶ እጇን የሰው ቤት ገብታ አታውቅም። ነጠላዋን አጣፍታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስለ ማሩ አላነሳችም፣ እኔም።

ነርሷ ስትገባ ተነስታ ቆመች። «እመቤቴ፣ ይህ ልጅ ምን ይብላ?» ልጅ የተባልኩት እኔ ነኝ፣ ሽበቴን ይዤ። ነርሷ ዛሬ ማታ ቀለል ያለ፣ ከዚያ ምንም እንዳይቀምስ አለቻት። «ምንም?» «ምንም።» ተቀመጠች።

«ዳባት ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ማር ምን ያደርገዋል ብዬ። ነገሩኝ።»

«ለእኔ ብለሽ ነው፣ እትዬ።»

«ላንተ ብዬ ነው። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።»

እጄን ያዘች። ሻካራ ነው እጇ። ፈርቼ ነበር፣ አሁን ትንሽ ቀለለኝ።

የካቲት 2

ተርፌአለሁ። ከወገቤ በታች አለሁ። ብዙ መጻፍ አልችልም።

ስነቃ በመጀመሪያ ጣቴን ፈለግኩት። ተነሳ። ትንሽ።

የካቲት 6

ቁስሉ በአንድ በኩል ረጥቧል። ስኳሬም ዘለለ፣ 240። ከቀዶ ጥገና በኋላ ይዘላል አሉ፣ ሰውነት ስለሚደነግጥ። መርፌውን ቀየሩልኝ፣ በቀን አራት ጊዜ ይለኩኛል። ዶክተር ሃና ቁስሉን ጠዋትም ማታም ታየዋለች። ፊቷን አነባለሁ። አይነበብም።

ጠያቂ በጠያቂ ሆንን። ከደባርቅ የመሥሪያ ቤት ሰዎች፣ የጃናሞራ ገበሬዎች ሳይቀሩ። ሁሉም ጣፋጭ ነገር ይዞ ነው የሚመጣው። ሚሪንዳ፣ ሙዝ፣ በፌስታል ብስኩት፣ አንዷ በፔርሙስ አጥሚት፣ ማር የገባበት። በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም። ለያንዳንዱ እንቢ ማለት... እኔ አልችልበትም። አንዱ ገበሬ ሚሪንዳውን ከፍቶ አፌ ላይ አደረገው። «ላሜን ያዳንህልኝ፣ በሞቴ አንድ ጊዜ።»

እትዬ ከእጁ ወሰደችው። ጠጣችውም። እስከ መጨረሻው። «እኔ ጠጣሁልህ፣ በሞቴ ማለትህ መሬት አልወደቀም» አለችው።

ከዚያ በኋላ ወንበሯን በሩ ሥር ሳበች። የመጣ ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል። «ደህና ነው፣ ግባ። እሱን ግን እዚህ አስቀምጠው።» ጥጉ ሱቅ መሰለ። ማታ ለአስታማሚዎች አደለችው።

አንዷ የሩቅ ዘመዳችን ተቀይማ ወጣች። «እህቱ እህል ከለከለችው» ብላ ዳባት ድረስ ማውራቷ አይቀርም። ለእትዬ ነገርኳት። «ታውራ» አለች። ስሟ በክፉ መነሳቱን እንዲህ የምትፈራ ሰው!

የካቲት 9

ቁስሉ ደረቀ። ዶክተር ሃና ዛሬ ፊቷ ተነበበ። ስኳር 134።

ዐቢይ ጾም ገባ። እትዬ እየጾመች ነው፣ በሩ ሥር።

የካቲት 15

ስፌቱ ወጣ። በብረቱ መደገፊያ ኮሪደሩን ሄድኩ። እትዬ ከኋላ ከኋላ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ እንደሚወድቅ ሕፃን። ነገ ደባርቅ።

መጋቢት 20

ጠዋት 118። ጎንበስ ማለት ገና ክልክል ነው። ገዱ ቤት ድረስ መጥቶ ጥጃ ሲወለድ እግሩ ታጥፎ ከመጣ እንዴት እንደሚያዝ ጠየቀኝ። በትራስ አሳየሁት።

ጣቴ ይነሳል። እንደ ቀኙ አይደለም። ዶክተር ሃና በስልክ «የቀረው ከተመለሰ በዓመት ውስጥ ነው፣ ካልተመለሰ እንዲሁ ይኖሩበታል» አለችኝ። እኖርበታለሁ። ገደሉን ግን ተሰናብቼዋለሁ። መካነ ብርሃን ከእንግዲህ የገዱ ነው። ስጽፈው ከበደኝ።

ሚያዝያ 11

ዳግም ትንሣኤ። ዳባት ሄድኩ፣ ብቻዬን። ሰብሌ ልምጣ አለች፣ እንቢ አልኳት። ከአስፋልቱ ወርጄ እስከ እትዬ ቤት ያለውን ዳገት በእግሬ። ቀስ ብዬ። ሁለት ቦታ አረፍኩ። ድንጋይ አልመታሁም።

እትዬ በር ላይ ቆማ ስወጣ ታየኛለች። ልትቀበለኝ አልወረደችም። እንድትወርድ እንዳልፈለግኩ አውቃለች።

መሶቡ ቀረበ። ዶሮ። እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ። አንድ እንጀራ በላሁ፣ አንድ እግር፣ እንቁላሉን ግማሽ። እጄን ሰበሰብኩ።

አሁን ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ጨምር፣ በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ... በዚህ ቤት ያለ እሱ ተበልቶ አያውቅም። እትዬ ድርሻዬን እያየች ነው። የሆነ ጊዜ እጇ ወደ ወጡ ሄደ። መንገድ ላይ ቆመ፣ ተመልሶ ጉልበቷ ላይ አረፈ። ምን ያህል እንደከበዳት አየሁ። ጎመጀሁም፣ እውነቱን ለመናገር። ብታጎርሰኝ እጎርስላት ነበር።

ዝናብ ያካፋል ውጭ።

«ጠገብህ?» አለችኝ።

ጠይቃኝ አታውቅም እንዲህ። ከልጅነቴ ጀምሮ መጥገቤን የምትወስነው እሷ ናት።

«ጠገብኩ፣ እትዬ።»

አየችኝ።

«እሺ» አለችና መሶቡን ከደነችው።